ከመንጋው የወጡ ከዋክብት

ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ደጅ ያደረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብርሃናተ ሰማይ ከምሥራቅ ወጥተው ወደ ምዕራብ የሚያዘቀዝቁት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሳያፋልሱ፣ እረኛ እንደሚነዳው መንጋ ተያይዘው ነው፤ ሆኖም በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ይኖሩ የነበሩት የባቢሎን ሊቃውንት፣ ዛሬ ከአንዱ ኮከብ አጠገብ ታይተው ከወር በኋላ ከሌላው ዘንድ የሚገኙ አምስት ከዋክብት መኖራቸውን ስላስተዋሉ፣ እነዚህን ከሥርዓት የወጡትን «ቢቡ»፣ ማለትም የዱር በግ፣ ብለው ሰየሟቸው። ግሪኮች በኋለኛው ዘመን «ፕላኔቴስ»፣ ተንከራታቾች፣ አሏቸው፤ ለእኔ ግን የባቢሎኑ ስም ይበልጥብኛል።

ከአምስቱ ደምቃ የምትታየው፣ እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት ቬኑስ ናት። ስምንት ወር ያህል ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ ታበራለች፤ ከዚያም ጥቂት ቀን ተሰውራ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ ስለዚህ የማታዋና የንጋቷ ሁለት ልዩ ልዩ ከዋክብት መስለው ቢታዩ አያስደንቅም። አንዲት መሆኗን ለማወቅ የመጥለቂያዋንና የመውጫዋን ቀን ጽፎ ማስተያየት ያሻል፤ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ በባቢሎን በነገሠው በአሚጻዱቃ ዘመን 21 ዓመት ሙሉ ተደረገ። በነነዌ ፍርስራሽ የተገኘችው፣ ርዝመቷ ከስንዝር የማያልፍ የሸክላ ሰሌዳ የዚያ መዝገብ ግልባጭ ስትሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት በ11ኛው ወር በ15ኛው ቀን ኮከቢቱ በምዕራብ መሰወሯን፣ ሦስት ቀንም ቆይታ በ18ኛው ቀን በምሥራቅ መታየቷን ትነግረናለች። ጸሐፊዎቹ የፈለጉት ዝናም ይዘንም፣ ነገሥታትም ይታረቁ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ነበር፤ ነገር ግን በእርጥብ ጭቃ ላይ በመቃ የተጫኑት እነዚያ ቀኖች፣ ቬኑስ በ8 ዓመት አምስት ዑደት ፈጽማ ወደ ቀድሞ ወራቷ እንደምትመለስ ለሚያስተውል ሁሉ ገለጡ።

መዝገብን ከመዝገብ ካላስተያዩ ግን ማየት ብቻውን አይበቃም። እንግሊዛዊው ጆን ፍላምስቲድ እ.ኤ.አ. በ1690 ዩራነስን በመነጽሩ አይቶ፣ በ84 ዓመት አንዴ የምትዞር ናትና እርምጃዋን ሳያውቅ፣ ከቋሚዎቹ ከዋክብት ቆጥሮ ሠውር በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ 34ኛ አድርጎ መዘገባት። ዊልያም ሄርሼል ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1781 ክብ መልኳ አጠራጠረውና ስፍራዋን ጻፈ፤ በአራተኛው ሌሊት ተመልሶ ቢፈልጋት ከተዋት ቦታ ፈቀቅ ብላ አገኛት።