የኮንቴይነሩ ሰባተኛ አሃዝ ምን ትሠራለች?

ከጅቡቲ ተነስተው ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚገቡ ተሳቢዎች የጫኑት ኮንቴይነር ሁሉ በሩ ላይ መለያ አለው፤ አራት የላቲን ፊደላት፣ ስድስት አሃዞች፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ በሳጥን የተከበበች አንዲት አሃዝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ፓሪስ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኮንቴይነር ቢሮ የተመዘገበ የባለቤት መለያ ናቸው። ስድስቱን አሃዞች ባለቤቱ ይመርጣል። ሰባተኛዋን ግን ማንም አይመርጣትም፤ ከቀደሙት ተሰልታ ትወጣለች። ሥራዋ የአጻጻፍ ስህተትን ማጋለጥ ነው።

ስሌቱ አይኤስኦ 6346 በተባለው ደንብ ተቀምጧል። «ሲኤስኪውዩ 305438» የሚለውን እንውሰድ። ፊደላቱ ከ10 ጀምሮ በተራ ዋጋ ይሰጣቸዋል፤ የ11 ብዜቶች ይዘለላሉ። ስለዚህ ሲ 13፣ ኤስ 30፣ ኪው 28፣ ዩ 32 ይሆናሉ። አሃዞቹ እንዳሉ ይወሰዳሉ። ከዚያ አሥሩ ዋጋዎች በቅደም ተከተል በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እስከ 512 በሚደርሱ ቁጥሮች ይባዛሉ። ውጤቶቹ ሲደመሩ 6185 ይመጣል። ይህ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ሰባተኛዋ አሃዝ 3 ናት፤ ሙሉ ቁጥሩም 3054383 ይሆናል።

አሁን አንድ ጸሐፊ 5ን እና 4ን አቀያይሮ 304538 ብሎ ቢጽፍስ? ድምሩ 6249 ይሆናል፤ ቀሪው ደግሞ 1። በሩ ላይ ያለችው 3 ስለሆነች ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል።

ለምን 11 ተመረጠ? 11 «ብቸኛ ቁጥር» ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። አንድ አሃዝ ሲሳሳት ልዩነቱ ከ1 እስከ 9 ነው፤ የሚባዛበትም 2 ብቻ እየተደጋገመ የተሠራ ቁጥር ነው። ሁለቱም ለ11 አይካፈሉም፤ አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነም ብዜታቸው አይካፈልለትም። ስለዚህ ቀሪው መለወጡ የግድ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩም ምክንያቱ ይኸው ነው። በ11 ፈንታ 10 ቢሆን ኖሮ ግን የ5 ልዩነት በ2 ሲባዛ 10 ስለሚሆን ስህተቱ ሳይታይ ያልፍ ነበር።

አንድ ክፍተት አለ። ቀሪው 10 ሲሆን በአንድ አሃዝ ስለማይጻፍ 0 ይጻፋል፤ ከእውነተኛው 0 ጋርም ይምታታል። በዚህ ምክንያት ደንቡ እንዲህ ያለ ቀሪ የሚያመጡ ቁጥሮችን ባለቤቶች ባይጠቀሙባቸው ይመክራል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ መገኘቱ ኮንቴይነሩ የእርስዎ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በትክክል መጻፉን ብቻ ይናገራል። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ሰነድና ኮንቴይነር ካልተጣጣሙ ዕቃ ይዘገያል። እንግዲህ ለትራንዚተርዎ በስልክ ቁጥር ሲያስጽፉ በስድስተኛዋ አሃዝ አይቁሙ፤ ሰባተኛዋንም ይንገሩ።