ከገበታችን የሚተርፈው



ባለፈው ጥር እዚሁ ደባርቅ ከአንድ ዘመዳችን ቤት ሠርግ ስለ ነበረ፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔም ገበታ ሳነሣ ዋልሁ። ብዙው ትሪ ግማሹ እንኳ ሳይበላ ይመለስ ነበር። በጓዳ የነበሩት እናቶችም ሥራ ስለ በዛባቸው እጅ የነካውንም ያልነካውንም በአንድ ሳፋ ገለበጡት። በማግሥቱ ብመለከተው እንጀራውና ወጡ ተደባልቆ ሸትቷል። ከፊሉን ውሾች በሉት፤ የቀረው ጉድጓድ ተቆፍሮ ተደፋ።

አብሮኝ ያስተናግድ የነበረው የክፍል ጓደኛዬ ትውልዱ ጃን አሞራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ አጥሮ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት አዝመራው በጠፋ ጊዜ፣ ሰው ተርቦ ከብት ሲረግፍ፣ የእርሱም ቤተ ሰብ ቀዬውን ለቆ ወደ ደባርቅ መጥቷል። ሳፋውን አይቶ ዝም አለ። እኔም የምናገረው አጥቼ ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ እንጀራ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ እናስብ። መሬቱ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል። እህሉ ተለቅሞ ይፈጫል፤ ሊጡ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ምጣድ ይጣዳል። ማገዶው ባሕር ዛፍ ወይም ኩበት ነው። ኩበቱ ባይነድ ኖሮ ለማሳው ፍግ ይሆን ነበር። እንግዲህ እንጀራ የሚጥል ሰው የገበሬውን ጉልበት፣ የእናቱን ዓይን ያጠፋውን ጢስና የመሬቱን ኀይል አብሮ ይጥላል ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጸው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የተጣለው ምግብ 1 ቢሊዮን ከ50 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 60 እጁ የተጣለው ከሆቴል ወይም ከሱቅ ሳይሆን ከየመኖሪያ ቤቱ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሳችንን ቤት ለመመርመር ወሰንሁና ለአንድ ሳምንት የሚጣለውን በደብተሬ እየጻፍሁ ቆየሁ። ከአምስት እንጀራ የማያንስ ተጥሎ አገኘሁ። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛው ሻጋታ ነው። እንጀራው ትኩሱን ተደራርቦ መሶብ ሲከደንበት ያልበዋል፤ እርጥበቱም ሻጋታን ይጠራል። ስለዚህ በሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ መከደን አይገባውም። ከሦስት ቀን በላይ የሚተርፍ መስሎ ከታየ ደግሞ ሳይሻግት በፀሐይ አስጥቶ ድርቆሽ ማድረግ ነው። ድርቆሽ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለብዙ ጊዜ አይበላሽም፤ ሲፈለግ በወጥ ይፈረፈራል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የቆሎ ተማሪዎች ለምነው በአኩፋዳቸው ያመጡትን ቁራሽ እያደረቁ ሲመገቡ ኖረዋል።

ሁለተኛው ከልክ በላይ ማቅረብ ነው። ስለዚህ ነገር እናቴን ብጠይቃት «ልጄ፣ እንግዳ ፊት ትሪ ጎድሎ ከታየ ስማችን ይጠፋል» አለችኝ። ትሪው የሞላው ለሆድ ሳይሆን ለዓይን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሦስተኛው «በሞቴ» ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ሊቀር አይገባውም። ነገር ግን ጠግቤያለሁ ያለውን ሰው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ማስጨነቅ ሆዱን መጉዳት ነው። ሆዳችን መሙላቱን አእምሯችን የሚያውቀው ወዲያው ሳይሆን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው ይባላል። ስለዚህ ቸኩሎ የሚበላ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ዘወትር ከልክ በላይ መብላትም ውፍረትን፣ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያስከትላል። ይህንም በፋሲካ እናየዋለን። 55 ቀን ጾሞ የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት ቅቤና ሥጋ ሲጫንበት ይታመማል። አያቶቻችን አስቀድመው ተልባ የሚጠጡት ሆዱ እንዲለሰልስ ነው። እነርሱ በተልባ የጀመሩትን እኛ በትዕግሥት ልንጨርሰው ይገባል።

እህል ደግሞ ገበታ ላይ ሳይደርስም ይባክናል። ዳባት ያለው አጎቴ ባቄላውን በደንብ ሳያደርቅ ከጎተራ ስላስገባው በነቀዝ ተበላበት። አሁን ግን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አፉን አጥብቆ ያስራል። ነቀዙም አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኀኒት አያስፈልገውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ለታናሽ እኅቴ ክርስትና እናቴን እንደ ምንም አሳምኜ በየትሪው ጥቂት ጥቂት ቀረበ፤ እኔም እንጀራ ይዤ «ልጨምር?» እያልሁ ስዞር ዋልሁ። «ጎደለ» ብሎ ያማ እንግዳ አልነበረም፤ እንዲያውም ደጋግሞ መጠየቁን አክብሮት አድርገው ቆጠሩልን። ማታ መሶቡ ሲከፈት ማንም ያልነካው እንጀራ ተርፎ ተገኘ። እናቴም ከወጡ ጋር ቋጥራ «ለጓደኛህ እናት አድርስ፤ የእኅትህ ክርስትና ነው በላቸው» አለችኝ።

እንግዲህ ወላጆቻችን፣ መምህሮቻችንና ጓደኞቼ ሆይ፤ ቸርነታችን አይጉደል። ነገር ግን ከሳፋው በፊት ጎረቤትን እናስብ።