ዱባ በቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት፦ ለከሚሴና ለአካባቢው የመጸው ወራት ተግባራት

መግቢያ

ዕድሜያቸው ለአንደኛ ክፍል ያልደረሰ ሕፃናትን ማስተማር በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርዓን ትምህርት ቤት ይህን ኃላፊነት ለረጅም ዘመን ተሸክመው ኖረዋል። ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት ግን በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በድሬዳዋ ለምድር ባቡር ሠራተኞች ለነበሩት ፈረንሳውያን ልጆች ከተከፈተ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የጥቂት ከተሞች ዕድል ብቻ ሆኖ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ «ዜሮ ክፍል» የተባለውን የአንድ ዓመት መሰናዶ አካቶ በመያዙ በገጠር ላሉትም ልጆች በር ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል።

ይሁን እንጂ የክፍሉ መከፈት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የመርጃ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ሕፃናቱ ቀኑን ሙሉ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በኅብረት እየደገሙ ይውላሉ፤ ክፍሉም የአንደኛ ክፍል ቅጂ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምንም ገንዘብ ሳይመደብ፣ በየጓሮው በሚገኝ አንድ ፍሬ፣ የቋንቋ፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት እንዴት ሊሰጥ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ዱባ ለምን ተመረጠ?

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በክረምቱ መግቢያ የተዘራ ዱባ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ስለሚበስል፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ማለትም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወቅት ይደርሳል። ሕፃኑ አዲሱን ዓለም የሚጀምረው ከቤቱ በሚያውቀው ነገር ይሆናል ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ቋንቋ ነው። በዞኑ አብዛኛዎቹ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ሲሆን፣ በከተማው አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። መምህርቷ ዱባውን አስቀምጣ ስሙን ስትጠይቅ፣ አንዱ «ቡቄ» ሌላው «ዱባ» ቢል ሁለቱም ትክክል ናቸው። ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ የሚናገረው ነገር የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ዱባና ቅል

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ብሂል ራሱ የትምህርት ዕቅድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሆኖም ዱባ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን ቅል ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ በማለዳ ይፈካል፤ የቅል አበባ ነጭ ሆኖ ወደ ማታ ይፈካል። የዱባ ሥጋ ይበላል፤ የደረቀ ቅል ደግሞ የውኃና የወተት መያዣ ይሆናል። ሕፃናት ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን እንዲናገሩ ማድረግ፣ መለየትና መመደብ የሚባለው የአእምሮ ሥራ መጀመሪያ ነው። መራራ ቅል መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ግን ማንም ሕፃን እንዳይቀምሰው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ዋና ዋና ተግባራት

ሀ) መዳሰስና መግለጽ። ሕፃናቱ በየተራ ዱባውን ይዳስሳሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ያሸታሉ፤ ያገኙትንም በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይናገራሉ።

ለ) መለካት። የዱባው ወገብ በገመድ ይለካል። ገመዱ ተዘርግቶ ከሌላው ዱባ ገመድ ጋር ይነጻጸራል። ሕፃኑ ሜትር የሚባለውን ከማወቁ በፊት «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «እኩል ነው» የሚሉትን በእጁ ይማራል።

ሐ) መገመትና መሞከር። ውኃ በሞላው ሳፋ ውስጥ ትንሽ ዱባና ከእርሱ በጣም የሚያንስ ጠጠር ይጨመራሉ። ከመጨመሩ በፊት የትኛው እንደሚሰምጥ ይጠየቃሉ። ብዙዎቹ ከባዱ ይሰምጣል ብለው ይጠብቃሉ፤ ዱባው ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ጠጠሩ ይሰምጣል። መምህርቷ መልሱን ቀድማ ከተናገረች ትምህርቱ ይጠፋል።

መ) መቁጠር። ዱባው ሲከፈት ቢላውን የምትይዘው መምህርቷ ብቻ ናት። ፍሬው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በአምስት በአምስት ወይም በዐሥር በዐሥር ይደረደራል። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለ የሚቆጥር ልጅ ቁጥሩን ከዕቃው ጋር ያገናኛል። ሕፃናት ፍሬውን በአፍንጫና በጆሮ እንዳይከቱ፣ እንዳይታነቁበትም መጠበቅ ይገባል።

ሠ) መመገብ። ሥጋው ተቀቅሎ፣ ጥቂት ዘይት ተጨምሮበት ይበላል። የብርቱካን መልክ ያለው የዱባ ሥጋ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዟል፤ ይህም ለዓይን ጤና ይጠቅማል፤ ዘይቱም ንጥረ ነገሩ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ይረዳል።

በሰሜን አሜሪካ በጥቅምት ወር ዱባን በፊት አምሳል ቀርጾ ሻማ የማብራት ልማድ አለ፤ በውጭ አገር በታተሙ የሕፃናት መጻሕፍትም ይህ ሥዕል ይገኛል። በዚህ አገር ግን ልማዱ ሥር የለውም፤ ምግብን ለጨዋታ መጣልም ለሕፃናት መልካም አርአያ አይሆንም።

ዑደቱን መጠበቅ

ከፍሬው ጥቂቱ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ይዘራል። በቆላው ሙቀት በሳምንት ወይም በጥቂት ተጨማሪ ቀናት ሲበቅል ሕፃናቱ በየቀኑ ያዩታል። የቀረው በደረቅ ቦታ ተቀምጦ ትምህርት ቤቱ በሰኔ ሲዘጋ ለየልጁ ጥቂት ጥቂት ይታደላል። ወላጆች በጓሯቸው ከዘሩት፣ በሚቀጥለው መስከረም አዲስ ለሚገቡት ሕፃናት መማሪያ የሚሆነው ዱባ ይገኛል። በዚህ አኳኋን ትምህርት ቤቱና ቤተሰቡ የአንድ ሥራ ተካፋዮች ይሆናሉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተገለጹት ተግባራት በጀት አይጠይቁም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዞንና የወረዳ ዕቅድ አውጪዎች በዓመታዊ ዕቅዳቸው በጥቅምት ወር ቢያንስ አንድ ሳምንት ሊመድቡላቸው ይገባል። ሱፐርቫይዘሮችም የዜሮ ክፍልን ውጤት ሕፃናቱ በቃላቸው በያዟቸው ፊደላት ብዛት ብቻ ከመዘኑ፣ መምህርቷ ዱባውን ትታ ወደ ሰሌዳው መመለሷ አይቀርም። ሊመረመር የሚገባው ሕፃኑ ያየውን በራሱ ቃል መናገሩ፣ ከመሞከሩ በፊት መገመቱና ከጓደኛው ጋር ተራ ጠብቆ መሥራቱ ነው። ፊደልም ቢሆን እንዲህ በተዘጋጀ ልጅ ዘንድ በቀላሉ ሥር ይሰድዳል።