ባትሪው ሳይሞት፦ የስደተኛ ሙዚቀኞቻችን ኪቦርዶች ወዴት እየሄዱ ነው?

በዛሬው ጽሑፋችን ከወትሮው የፖለቲካ ጉዳይ ወጣ ብለን ስለ አሮጌ ኪቦርድ ልናወጋችሁ ነው። «አሁን ደግሞ ወደ ኦርጋን ገባችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን። ጉዳዩ ግን ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው የጨዋታ ነገር አይደለም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ባለፈው ወር አንድ የምናከብራቸው አንጋፋ ሙዚቀኛ ደወሉልን። ስማችን አይነሳ ስላሉ አናነሳውም፤ እንደ ወትሯችን «ጋሼ» እያልን እንቀጥል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኖሩት ሜሪላንድ ነው። ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ሠርተዋል፣ ቅዳሜና እሁድ በየሠርጉና በየምግብ ቤቱ ተጫውተዋል። አሁን ዕድሜውም ጉልበቱም አልሆን ስላለ ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። «ጓዜን እያቀለልኩ ነው። ያቺን ያማሃዬን የሚገዛ ፈልግልኝ፤ አንተ እንግሊዝኛው ይቀናሃል» አሉን።

ያማሃዋ ዲኤክስ 7 የምትባለው ናት። ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፅዋን ያውቀዋል፤ በ1980ዎቹ ከወጡት ዘፈኖች መካከል የእሷ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ያልገባበትን መፈለግ ይቀላል። በ1983 ገበያ ላይ ስትወጣ ዋጋዋ 1,995 ዶላር ነበር። በወቅቱ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበርና፣ በዚያ ሂሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ታክስ ሳይቆረጥበት፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ወደ 15 ሳምንት መሥራት ነበረበት። ጋሼ በ1986 ገዟት። «ቤት ኪራዩን አንድ ወር ዘለልኩት፤ አከራዬ ግሪክ ነበር፣ ሙዚቃ ይወድ ነበርና ታገሠኝ» ይላሉ እየሳቁ።

የቆየውን ታሪክ ትንሽ እናንሳ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሲንተሳይዘሮች፣ በ1970 የወጣውን ሚኒሙግን የመሰሉት፣ ድምፅ የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ዑደት ነበር። ተጫዋቹ ማዞሪያዎቹን እያዞረ ድምፁን ይፈልጋል፤ ያገኘውን ድምፅ ግን መሣሪያው አያስታውስለትም። ሚኒሙግ ሜሞሪ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ማዞሪያዎቹ የት የት ላይ እንደቆሙ በወረቀት ላይ እየነደፉ ያስቀምጡ ነበር። ዲኤክስ 7 ግን ኮምፒዩተር ነች። የምትሠራበትን ዘዴ ጆን ቻውኒንግ የተባለ የሙዚቃ ሰው በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደረሰበት፤ አንዱ የድምፅ ሞገድ ሌላውን በከፍተኛ ፍጥነት ሲያወዛውዘው ፍጹም አዲስ ድምፅ ይወለዳል። ያማሃ ፈቃዱን ከዩኒቨርሲቲው ገዝቶ ዓመታት ከደከመበት በኋላ ዲኤክስ 7ን ሠራ። መሣሪያዋ ስድስት የሞገድ ምንጮች አሏት፤ ምንጮቹን በ32 ዓይነት መንገድ ማገናኘት ይቻላል። የሠሯቸውን 32 ድምፆችም በሆዷ ታስቀምጥልዎታለች።

ጭንቀታችን ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ 32 ድምፆች በሆዷ የሚቆዩት ዋናው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አንዲት የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ባትሪ ስለምትጠብቃቸው ብቻ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ይጠፋሉ። ባትሪዋን የሚቀይር ሰው ድምፆቹን አስቀድሞ ካላወጣቸውም ይጠፋሉ።

ጋሼ ቤት ስንደርስ ኪቦርዷ ሳሎን መካከል በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ጠበቀችን። ሰክተው አበሯት። ትንሿ መስኮት ላይ የድምፆቹ ስም አንድ በአንድ መጣ፤ ለአንድ ስም የሚፈቀደው ዐሥር የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ፈረንጅኛውን አለፍንና፦ ክራር 1፣ ክራር 2፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ... እኛ አፋችንን ከፍተን ቀረን። ከ32ቱ ድምፆች 11ዱ የፋብሪካው አልነበሩም። ጋሼ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ፣ ልጆች እንዳይነቁ በጆሮ ማዳመጫ እያደመጡ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሠሯቸው ናቸው። ክራር 1ን ነኩልን። ክራር ነው ማለት አንችልም፤ ክራር አይደለም ማለትም አንችልም። ጅማቱ ሲመታ የምትሰማው ጥፊ የመሰለች መጀመሪያ ግን አለች። «ፈረንጁ ይህቺን መሣሪያ የሠራት ለደወልና ለሚመታ ነገር ነው። ማሲንቆው ነው ያስለቀሰኝ፣ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ» አሉን።

አንዱ ድምፅ «እማማ» ይላል። ምን ይሆን ብለን ስንጠብቅ ጋሼ ነኩት፤ የቡና ሙቀጫ ሆኖ ተገኘ። «ያን ጊዜ የምኖርበት አፓርትመንት ጎረቤቱ ስለሚጮህብኝ መውቀጥ አልቻልኩም። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ወቀጥኩ» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ወደሚገዛና ወደሚሸጥ አንድ ሱቅ ይዘናት ሄድን። ወጣቱ ሻጭ ክፉ ሰው አልነበረም። ቁልፎቹን ሁሉ ነካክቶ ሞከረ፣ ጀርባዋን አየ፣ ሁለቱ ቁልፎች ይጣበቃሉ አለ፣ 240 ዶላር ሰጠን። ከዚያም ለበጎ ብሎ «አይጨነቁ፣ ለሽያጭ ከማቅረባችን በፊት የፋብሪካውን ድምፆች እንመልስባታለን፤ ገዢ የሚፈልገው እንደዚያ ነው» አለ። ጋሼ እንግሊዝኛውን ሰምተዋል። ምንም አልተናገሩም። ብርድ ልብሱን አንስተው መልሰው መጠቅለል ጀመሩ።

በመኪና ውስጥ ነው የቀረውን የነገሩን። በ1988 የወጣችውን ኮርግ ኤም 1ንም ገዝተው ነበር። በ1999 ወንድማቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፍ ለቀብሩ የሚላክ ገንዘብ አጡና መያዣ ሱቅ አስገቧት፤ ቀኑ አለፈና ተሸጠች። «መሣሪያዋ አይቆጨኝም፤ ሞልታለች። ውስጧ የቀመርኩት ችክችካ ነበር። ማን እንደደመሰሰው አላውቅም። የደመሰሰውም ምን እንደደመሰሰ አያውቅም።»

ስለ ገበያው ሁለት ሦስት ነገር እንበል፤ አሮጌ ዕቃ በየጓዳው ያለው አንባቢ ብዙ ነውና። የአሮጌ ሲንተሳይዘር ዋጋ እንደ ቤት ዋጋ በሥርዓት አይሄድም። ሚኒሙግ መጀመሪያ ላይ ወደ 1,500 ዶላር ይሸጥ ነበር። እነ ዲኤክስ 7 ሲመጡ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሆነና በጥቂት መቶ ዶላር ተጣለ። ዛሬ ደህናው በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ሮላንድ የሠራው 808 የተባለው የከበሮ ማሽን ከ1980 እስከ 1983 ብቻ ተመርቶ ወደ 12,000 ያህል ከተሸጠ በኋላ ተቋረጠ። እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ብለው ናቁት፤ በርካሽ ወደ ገበያ ሲወርድ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች አነሱትና የሂፕሆፕ መሠረት ሆነ። አሁን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። ዲኤክስ 7 ግን ከመቶ ሺህ በላይ ስለተሸጠች እስከ ዛሬ ብዙም አልተወደደችም። ሙግ ኩባንያ ሚኒሙግን በ2016 እንደገና ማምረት ሲጀምር፣ በ2018 ደግሞ ቤሪንገር የተባለው ኩባንያ አምሳያውን በጥቂት መቶ ዶላር አወጣ፤ «ቅጂ ነው፣ ነውር ነው» የሚሉና «ድሃውም ይጫወት» የሚሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኛ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነን።

ወደ አገር ቤት ለዘመድ የምትልኩ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ በአሜሪካ የተሸጠ አሮጌ ኪቦርድ በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። ትራንስፎርመር ሳያስቀድም በአገራችን 220 ላይ የሰካ ሰው የሚያገኘው ሙዚቃ ሳይሆን ጭስ ነው። የተቃጠለባቸውን ሁለት ሰዎች እናውቃለን።

የሆኖ ሆኖ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ብዙዎቻችሁ የዋልያስ ባንዱን የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋች የአቶ ኃይሉ መርጊያን ታሪክ ታውቃላችሁ። ባንዱ በ1981 ለዝግጅት ወደ አሜሪካ መጣ፤ እሳቸውም እዚሁ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር እያነባበሩ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ ዘመናት አለፉ። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ፤ ኪቦርዳቸውን በመኪናው ኮፈን ይዘው በተራ መጠበቂያው ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ያቺን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኛት፤ በ2013 እንደገና ታተመች፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበም አወጡ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ይህ የሆነው ግን ካሴት ብዙ ቅጂ ስላለው ነው። አዲስ አበባ ቢጠፋ ባሕር ዳር ይገኛል። የጋሼ ክራር 2 ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በአንዲት ባትሪ ምሕረት።

እዚህ ላይ እኛም ንስሐ መግባት አለብን። አገር ቤት በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ በነበርንበት ጊዜ «ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው» የሚሉ ጽሑፎችን ደጋግመን አትመናል። አንዳንዱን ርዕስ ራሳችን አውጥተንለታል። ሙሉ በሙሉ ተሳስተን ነበር ማለታችን አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ባንድ ሙሉ ሆኖ ሲቆም፣ በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን በር ተዘግቶ እስኪነጋ ሲነፉ ያደሩ የሳክስፎንና የትራምፔት ተጫዋቾች ሥራ ፈተው አይተናል። ግን አንድም ቀን ሪፖርተር ልከን «ለመሆኑ እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እየሠራህ ነው?» ብለን ኪቦርዲስቱን አላስጠየቅንም። ማሽኑን የፈረንጅ፣ ሰውየውን ሰነፍ አድርገን አለፍነው። ጋሼ ያን ዘመን ያውቁታል። «አዎ፣ ጋዜጣችሁ እዚህም ይደርሰን ነበር» አሉን፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አንቺሆዬን ሲጫወቱ እንዲያሳዩን ጠየቅናቸው። የኪቦርድ 12 ድምፆች እኩል እኩል የተከፈሉ ስለሆኑ «አንዷ ድምፅ ሁልጊዜ ትከዳኛለች» ይላሉ። በ1987 የወጣችው ሁለተኛዋ ዲኤክስ 7 ቅኝትን በራስ ፍላጎት ማስተካከል ትፈቅድ ነበር፤ ጋሼ ግን ለእሷ አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ግራ እጃቸው በጎን ያለችውን ማጠፊያ ጎማ በጥቂቱ ገፋ ያደርጋታል፤ የምትከዳው ድምፅ ወደ ቦታዋ ትገባለች። ይህን ማንኛውም ሜሞሪ አያስቀምጠውም። ስለዚህ በስልካችን ቪዲዮ ቀዳነው።

ድምፆቹን ግን ማዳን ይቻላል። ወጪውም ከምሳ አይበልጥም። ከ1983 ጀምሮ የወጡት አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ሚዲ የሚባል መሰኪያ አላቸው። ከሚዲ ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ይገዛል፤ ኮምፒዩተር ላይ በነጻ የሚገኝ መቀበያ ፕሮግራም ይጫናል፤ ከዚያ መሣሪያው ሜሞሪውን በሙሉ እንዲልክ ይታዘዛል። ባትሪው የሚነካው ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። የዲኤክስ 7 ሠላሳ ሁለቱም ድምፆች ሲወጡ የሚሆኑት 4,104 ባይት ነው። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ እንኳ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የአንድ ሰው የሁለት ዓመት ሌሊት ይህንኑ ታክላለች። ፋይሉን ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ለልጃችሁም ላኩ፣ ድምፁን ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው ጻፉበት። ከዚያ ዕቃውን የፈለጋችሁትን አድርጉት።

እኛም እንዲሁ አደረግን። የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የሰፈር ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የባትሪዋን ኃይል የሚያሳየውን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ 3 ቮልት አካባቢ መሆን የነበረበት ብዙ ወርዷል። ፋይሉ ለመተላለፍ የፈጀው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ጋሼ «ይኸው ነው?» አሉ። ይኸው ነው አልናቸው።

ሰኞ ኪቦርዷን ለዚያው ሱቅ በ240 ዶላር ሸጥናት። ማክሰኞ ማታ ልጁ ዴክስድ የተባለውን የዲኤክስ 7 አምሳያ ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ፣ ፋይሉን አስገብቶ፣ ክራር 2ን አሰማቸው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አደመጡ። ያለቅሳሉ ብለን ፈርተን ነበር።

«ሦስተኛዋ ምንጭ በዝታለች። ያኔም አውቀው ነበር፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ተውኩት። ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» አሉ። እኛ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ተሰናብተናቸው ስንወጣ ገና ዝቅ እያስደረጉት ነበር።