የባሮ ሌሊት፦ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚባለውና እውነታው

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በበጋው መጨረሻ ወራት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚጠጋ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድ ያማረው ሰው ፀሐይዋን ትቶ ሌሊቱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ወንዙም አያሳፍርም። የባሮ አኮቦ ተፋሰስ በዓሣ ዝርያ ብዛት ከሀገራችን ተፋሰሶች ሁሉ ቀዳሚ ነው፤ ከ100 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል።

አኙዋና ኑዌር ዓሣ አስጋሪዎች በዚህ ውሃ ላይ በታንኳ፣ በጦር፣ በመረብና በመንጠቆ ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። እንግዳው ግን ከመንጠቆው ጋር በየቦታው የሰማውንም ወሬ ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ብዙው ወሬ ሰውን እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል፤ ጥንቃቄውን የሚያውለው ግን ከማያስፈልግበት ቦታ ነው። ከዚያ መካከል አንዳንዱ ባዶ እጅ ያስመልሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል።

ተረት፦ ሌሊት ዓሣ ስለሚተኛ ማደሩ ከንቱ ድካም ነው።

እውነታ፦ የሚያርፉም የሚያድኑም አሉ። ቆሮሶ በአብዛኛው በብርሃን የሚመገብ ዓሣ ነው፤ ከመሸ ፀጥ ይላል። አምባዛ ግን ተቃራኒው ነው። ዓይኖቹ ትንንሽ ቢሆኑም በአፉ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ጢሞች በጨለማ ምግብ ይዳስሱለታል፣ ያሸቱለታል፤ ሲመሽ ከጥልቁ ወጥቶ ዳር ዳሩን ይቃኛል። ርዝመቱ እስከ ሁለት ሜትር ሊደርስ የሚችለው ናይል ፐርችም ደብዛዛ ብርሃን የሚጠቀም ዓይን ስላለው፣ ሲመሽና ሊነጋ ሲል ትንንሽ ዓሦችን ያሳድዳል። ስለዚህ ሌሊት ቆሮሶ የሚጠብቅ ሰው ሳይቀናው ቢያድር አይገርምም። ሽታ ያለው ምግብ ሰክቶ መንጠቆውን ከወለሉ ያሳረፈ ግን አምባዛ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይጨመር። በባሮ ተፋሰስ የኤሌክትሪክ አምባዛ አለ፤ እሱም የሌሊት አዳኝ ነው። ትልቁ ከ300 ቮልት በላይ ሊያመነጭ ይችላል። የያዙትን በባትሪ ብርሃን ሳያዩ በእጅ መንካት አይገባም።

ተረት፦ ወፍራም ቅርፊት ያለው ትልቅ ዓሣ ሁሉ ካርፕ ነው።

እውነታ፦ ካርፕ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ እንግዳ ነው። በሀገራችን በመጀመሪያ ከተለቀቀባቸው ውሃዎች አንዱ አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ሲሆን፣ ዛሬ በዝዋይና በቆቃም ይያዛል። በባሮ የምናገኛቸው ላቤዎና መሰሎቹ የካርፕ የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ ማንም ሳያመጣቸው በናይል ተፋሰስ የኖሩ። የጣና ሐይቅ ነጫጭ ዓሦችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዝምድናው ለአጥማጁ ለምን እንደሚጠቅመው ቀጣዩ ነጥብ ያሳያል።

ተረት፦ ሰው ካወራ ዓሣ ይሸሻል፤ አፍን መዝጋት ይበቃል።

እውነታ፦ በአየር ላይ ያለ ድምፅ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይነጥራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ዝግ ብሎ መጨዋወት ዓሣ አያባርርም። መሬት ላይ የተረገጠ ከባድ እግር፣ ታንኳ ውስጥ የወደቀ ቆርቆሮ፣ ከጠርዙ ጋር የተጋጨ መቅዘፊያ ግን አየሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ውሃው ይሻገራል። በውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአየሩ ፍጥነት አራት እጥፍ ይበልጣል።

የካርፕ ዘመዶችና አምባዛዎች ደግሞ ልዩ ጆሮ አላቸው። በሆዳቸው ያለው የአየር ከረጢት በትንንሽ አጥንቶች ከውስጥ ጆሯቸው ጋር ስለተያያዘ፣ ብዙ ሌሎች ዓሦች የማይሰሙትን ድምፅ ይሰማሉ። ከዚህም በላይ ዓሦች ሁሉ በጎናቸው በተዘረጋው የስሜት መስመር የውሃውን ንዝረት ይለያሉ። ፀጥታ የሚያስፈልገው እግርና እጅ ነው። ቦታን ገና ሳይመሽ አዘጋጅቶ መቀመጥ፣ ዕቃን ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ፣ በሌሊት አለመመላለስ፤ ይህን ያደረገ ሰው ከጓደኛው ጋር ቢያወጋ ምንም አይጎድልበትም።

ተረት፦ ሌሊቱ በሞቀ ቁጥር ዓሣው ይበረታል።

እውነታ፦ ሙቀት የዓሣን ረሃብ ይጨምራል፤ የሚተነፍሰውን ግን ይቀንስበታል። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው 7.5 ገደማ ነው። በዚያው ላይ የዓሣው ሰውነት በሙቀት ፈጥኖ ስለሚሠራ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ቀን ቀን ኦክስጅን የሚሰጡት የውሃ ዕፅዋትም ሲጨልም ራሳቸው መተንፈስ እንጂ መስጠት አይችሉም። ስለዚህ ዕፅዋት በበዛበት የቆመ ውሃ ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ከንጋት በፊት ነው።

ይህ በጋምቤላ ትልቅ ትርጉም አለው። የባሮ ውሃ በክረምትና በበጋ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። ጎርፉ ሲመለስ በየሜዳው ኩሬዎችን ትቶ ይሄዳል፤ ዓሦችም እዚያው ይቀራሉ። ሊነጋ ሲል ከእንዲህ ዓይነቱ ኩሬ ብቅ ብቅ እያሉ አፋቸውን የሚከፍቱ ዓሦችን ያየ ሰው «እየበሉ ነው» ብሎ መንጠቆ ይጥላል። ብዙ ጊዜ ግን አየር አጥሯቸው ነው፤ እየታፈነ ያለ ዓሣ ምግብ አይነካም። አምባዛና ባለሳንባው ዓሣ አየር መተንፈስ ስለሚችሉ እዚያ ይቆያሉ። ሌሎቹን የሚፈልግ ሰው ኩሬውን ትቶ ወራጁን ውሃ፣ በድንጋይና በግንድ ላይ የሚፈስሰውን ቦታ ይያዝ።

የኦክስጅን ነገር ከተነሣ ሌላም ወሬ አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መጨመር የቆየ የማጥመጃ ዘዴ ነው፤ «ያሰክራል እንጂ አይጎዳም» ይባላል። ይህም ስሕተት ነው። በፍሬው ያለው ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር የዓሣው ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል። ኦክስጅን ባነሰው ኩሬ ላይ ይህ ሲጨመር ጫጩቱም እናቱም አብረው ያልቃሉ፤ የሚመጣው ዓመት ዓሣ ዛሬ ተገደለ ማለት ነው።

ተረት፦ እሳት ካለ አዞ አይጠጋም፤ ቀን ደግሞ አያስፈራም።

እውነታ፦ ከሁሉ አደገኛው እምነት ይህ ነው። አዞ ከሚያድንበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ዳር ላይ የነደደ እሳት ከዚያ አያስወጣውም። ሌሊት ይበልጥ ንቁ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ቀንም ይገድላል። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጋምቤላ ላይ ባሮ ውስጥ ገብቶ ሳለ በጠራራ ቀን በአዞ ተገድሏል።

ሰውን ከአዞ የሚያድነው ርቀት ነው። ከውሃው ጠርዝ በርከት ያሉ ሜትሮች ርቆ፣ ከፍ ካለ ዳርቻ ላይ መቀመጥ፤ እጅ ለመታጠብ ወይም ዓሣ ለማጠብ ወደ ውሃ አለመግባት፤ የዓሣ አንጀት ከተቀመጡበት ፊት ለፊት አለመጣል፤ ውሃ ሲቀዱም በየጊዜው ወደ አንድ ቦታ አለመመላለስ። ባትሪ ውሃው ላይ ሲያበሩ የሚብለጨለጭ ቀይ ዓይን ካዩ ቦታ መቀየር ነው። ጉማሬም ሌሊት ለግጦሽ ይወጣልና፣ ሣሩ ተረግጦ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰፊ መንገድ ካለ እዚያ ላይ መተኛት አይታሰብም።

ተረት፦ ወባ የሚያመጣው የበቆሎ እሸትና ሸንኮራ ነው።

እውነታ፦ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ ከተረጋገጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እምነቱ ከየት እንደመጣ ግን መረዳት ይቻላል፤ እሸት የሚደርሰው ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። በጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች እንዲያውም አንድ እውነተኛ ግንኙነት አግኝተዋል። የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ ዕጮች ይመገቡታል፤ በደንብም ያድጋሉ። ስለዚህ በቆሎው ትንኟን ሊመግብ ይችላል፤ በሽታው ግን በቆሎ በመብላት ማንንም አይይዝም።

ወንዝ ዳር ለሚያድር ሰው ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። በሀገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ ከምሽት ጀምራ ሌሊቱን ሙሉ ትነድፋለች፤ አጥማጁ የሚቀመጠውም በዚያው ሰዓት ነው። ሞቀ ብሎ እጅጌና ቦላሌ መጠቅለል ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ረጅም ልብስ፣ ገላ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ፣ ለሚተኛውም በጸረ ትንኝ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልጋል። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የታመመ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ሳይዘናጋ፣ ጋምቤላ ማደሩን ለሐኪሙ ይንገር።

ተረት፦ ሌሊት ፀሐይ ስለሌለ የተያዘው እስከ ጠዋት አይበላሽም።

እውነታ፦ ዓሣን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች የሚፈልጉት ሙቀት እንጂ ፀሐይ አይደለም፤ የጋምቤላ ሌሊት ደግሞ ሙቀት አያጣም። በረዶ ከሌለ ዓሣው እንደተያዘ አንጀቱንና ስንጥቡን ማውጣት፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ሣር ሸፍኖ አየር በሚያገኘው ቦታ ማንጠልጠል ይገባል። ጠዋት ድረስ መቆየት የሚያሰጋ ከሆነ የአካባቢው ሰዎች ዘዴ አለ፤ ሰንጥቆ ማጨስ ወይም ሲነጋ በፀሐይ ማድረቅ። ጨው መነስነስ ብቻውን፣ አንጀቱ ሳይወጣ፣ አያድነውም።

ወደ ባሮ የሚወርድ እንግዳ ሊያደርገው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ነገር ከአካባቢው አስጋሪ ጋር መውረድ ነው። አዞው የት እንደሚያርፍ፣ ውሃው የት እንደሚፈስስ፣ የትኛው ዳርቻ የጉማሬ መንገድ እንደሆነ እሱ ያውቀዋል። ለዚህ ዕውቀት ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ ጠይቆና ሰምቶ የሚያድር ሰው ዓሣውንም ይይዛል፣ በሰላምም ይመለሳል።