ከመጠለያው በር በስተጀርባ፦ ለእንስሳት የሚራሩትን ማን ይንከባከባቸዋል?

በኢስታንቡል ማልዶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው በየሰፈሩ ተመሳሳይ ትዕይንት ይገጥመዋል። በሱቅ ደጃፍ የውሃ ሳህን ተቀምጧል፤ በመስጊዱ አጥር ሥር ድመቶች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አንዲት ሴት የምግብ ከረጢት አንጠልጥላ ከጥግ ወደ ጥግ ትዘዋወራለች። ሴትዮዋ አለቃ የላትም፤ የምትፈርምበት የሰዓት መዝገብም የለም። የምታውቃቸውን ውሾች ትመግባለች፤ የታመመች ዕለትም ጎረቤቷን ትልካለች።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቁጥር 5199 የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንዲህ ላሉት ሰዎች ስፍራ ሰጥቷቸው ነበር። ባለቤት አልባ እንስሳትን በየሰፈራቸው የሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች በየክፍለ ሀገሩ የእንስሳት ጥበቃ ቦርድ በየዓመቱ እየተመረጡ እንዲሠሩ ደነገገ። ውሻውም ተይዞ፣ እንዳይራባ ተደርጎና ተከትቦ ወደነበረበት ሰፈር ይመለስ ነበር። በጁላይ 2024 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ማሻሻያ ግን ይህን ሥርዓት ለወጠው። ባለቤት አልባ ውሻ አሳዳጊ እስኪያገኝ ድረስ በመጠለያ እንዲቆይ ተወሰነ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም መጠለያዎቻቸውን እስከ 2028 መጨረሻ እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። ሕጉ በሚመከርበት ወቅት በአገሪቱ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባለቤት አልባ ውሾች እንዳሉ ሲገመት፣ 322ቱ መጠለያዎች በአንድነት መያዝ የሚችሉት 105,000 ያህል ብቻ ነበር።

ሕጉ በብርቱ አከራክሯል፤ ክርክሩን እዚህ መድገም አያስፈልግም። በዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም ያልተነገረለት የዚያች ከረጢት ያንጠለጠለች ሴት ጉዳይ ነው። ውሾቿ ከበር በስተጀርባ ገብተዋል። እርሷም ልትከተላቸው ብትፈልግ በገዛ መንገዷ ብቻዋን የምትሠራ ሳትሆን በሌላ ተቋም ሥርዓት ሥር የምትገባ ሰው ትሆናለች።

የመጀመሪያው ግጭት የሚነሳውም ከዚሁ ነው። የመጠለያው ሠራተኛ በጎ ፈቃደኛውን በስልኩ ስህተት ሊቀርጽ የመጣ ሰላይ አድርጎ ያየዋል፤ በጎ ፈቃደኛው ደግሞ ሠራተኛውን እንደ እስር ቤት ጠባቂ ይቆጥረዋል። ጥርጣሬው ያለ ታሪክ አልመጣም። በ1910 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኢስታንቡል ውሾች ውሃም ምግብም ወደሌለባት ወደ ሲቭሪአዳ ደሴት ተግዘው በረሃብና በጥም ማለቃቸውን ከተማዋ እስከ ዛሬ አልረሳችም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው «በሩ ለምን ተዘጋ?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ነገረኛ ሊታይ አይገባም። መልሱ የጎብኝ ሰዓት በግልጽ መለጠፍ፣ ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ሁኔታ በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ አቤቱታ የሚቀበልና የሚመልስ አንድ የታወቀ ሰው መመደብ ነው። ይህ ሳይደረግ «በጎ ፈቃደኞች አስቸገሩን» ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የሥራው ጠባይ ነው። አዲስ የሚመጣ ሁሉ ቡችላ ማቀፍ ይመኛል። የመጠለያ ሥራ ግን በአብዛኛው ኩስ መጥረግ፣ ሳህን ማጠብ፣ ብርድ ልብስ መዘርጋት፣ አሳዳጊ ለመሆን ለጠየቁ ሰዎች ስልክ መደወል ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ የሚናገር መጠለያ ጥቂት ሰዎችን ያጣል፤ የቀሩት ግን ይቆዩለታል። መጥረጊያ አስይዞ ዞር የሚለው ግን በሦስተኛው ሳምንት ማንንም አያገኝም። ደመወዝተኛ ቢቀየምም ይመጣል፤ በጎ ፈቃደኛ ሲቀየም ድምፅ ሳያሰማ ይቀራል። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት አስተማማኝ ሆኖ የሚመጣ ሰው፣ ሁሉንም ቀን እመጣለሁ ብሎ ቃል ከሚገባው ይልቅ ለእንስሳቱ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ጥብቅነት የሚሻው ንክሻ ነው። በኢትዮጵያ ያደገ አንባቢ «እብድ ውሻ» የሚለው ቃል የሚያሳድረውን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። የበሽታው ምልክት አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከውሻ ጋር የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ አስቀድሞ መከተብ ይገባዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ልዩነት የሚሰጥ ሁለት ክትባት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቀደም ብሎ ቢከተብም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እዚህ ላይ የአስተዳደሩ ጠባይ ሕይወት ያድናል ወይም ያጠፋል። ስለተነከሰ የሚቆጡት ሰው በሁለተኛው ጊዜ እጁን በኪሱ ደብቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አጠፋህ?» ሳይሆን «ታጠብክ ወይ?» ሊሆን ይገባል።

ለሙስሊም በጎ ፈቃደኛ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙዎች እያፈሩ ስለማያነሱት ሳይመለስ ይቀራል። ውሻ ነክቼ እንዴት እሰግዳለሁ? የመዝሀቦቹ አቋም አንድ አይደለም። ማሊኪዎች በሕይወት ያለን ውሻ ንጹሕ ይሉታል፤ ሐነፊዎች ምራቁን ነጃሳ አድርገው ፀጉሩን ለይተው ያያሉ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ ግን ጠበቅ ያለ ሲሆን፣ እርጥበት ያለበት ንክኪ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ መታጠብን ይጠይቃል። ደረቅ በደረቅ ሲነካካ ግን ነጃሳው አይተላለፍም። ስለ ድመት ደግሞ ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። አስተዋይ አስተባባሪ ይህን ካወቀ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚያመነታውን ወደ ድመቶች ክፍል ይመድበዋል፤ ከውሾች ጋር ለሚሠራው ቱታና ቦት ጫማ፣ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ያዘጋጅለታል፤ ፈረቃውንም ከሶላት ወቅት ጋር እንዳይጋጭ ያደርጋል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና አላህ ምሕረት ስላደረገለት ሰው የሚናገረውን ሐዲስ የማያውቅ የለም። ሰውየው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ የጠየቀው ውሻው መጠማቱን ብቻ ነበር።

በመጨረሻ የሚመጣው ኀዘን ነው። የእንስሳት ሐኪሞችና የመጠለያ ሠራተኞች «የርኅራኄ ድካም» የሚሉት ነገር አለ፤ ሌላውን ሲያስታምም የኖረ ልብ ቀስ በቀስ የሚደነዝዝበት ወይም ያለ ልኩ የሚቆጣበት ሁኔታ ነው። ሰውየው እንቅልፍ ያጣል፤ ትንሽ ነገር ያስለቅሰዋል፤ ወይም ምንም ነገር አያስለቅሰውም። አንዱ መነሻው ከቁጥር የማይገባ የሚመስል ቸልታ ነው። በጎ ፈቃደኛዋ ለወራት ያስታመመችውን ሽማግሌ ውሻ ልታይ ቅዳሜ ትመጣለች። ክፍሉ ታጥቦ ሌላ ውሻ ገብቶበታል። ምን እንደሆነ ስትጠይቅ አንዱ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ሌላው «ሐሙስ ዕለት» ይላታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አትመጣም፤ ለምን እንደቀረችም ጠያቂ የላትም።

ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። በየክፍሉ በር ላይ ውሻውን የሚያስታምመው ሰው ስምና ስልክ ይጻፋል። ሐኪሙ አዳኝ ሕክምና የለም ብሎ የወሰነ ዕለት፣ አስተባባሪው ከማንም በፊት ወደዚያ ስልክ ይደውላል፤ «መጥተሽ ልትሰናበቺው ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዷ ትመጣለች፤ አንዳንዷ አልችልም ትላለች። ሁለቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ ሻይ ይቀርብላቸዋል፤ የዚያን ዕለትም ሳህን ማጠቡ ለሌላ ሰው ይሰጣል።