የባርኔጣው ስፒል
ክፍል ሦስት

ባለፈው ሳምንት፦ የባርኔጣ ሱቅ ሠራተኛዋ ሮዛ ማታ ከሥራ ስትወጣ፣ ሰሞኑን የሚከታተላት ባለ ግራጫ ካፖርት ሰው ስቴት ጎዳና ላይ ትራም ውስጥ ተከትሏት ገብቶ አጠገቧ ሲቀመጥ አይተን ነበር የተለያየነው።

ትራሙ ሲንገጫገጭ ሰውየው ተጠጋት። መንገጫገጩ ቢያበቃም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ክንዱ በጀርባዋ በኩል እየተሳበ መጥቶ ወገቧ ላይ አረፈ። ሮዛ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውን ጥቁር ዐይነ ርግብ የለበሰች ሴት ቀና ብላ አየቻት። ሴትየዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ያኔ የአክስቷ ምክር ትዝ አላት። «ልጄ፣ ብትጮሂ ይስቁብሻል። ባርኔጣሽን እንደምታስተካክይ ሆነሽ እጅሽን አንሺ።» አክስትየዋ ይህን ያገኘችው ከጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሊዮቲ ብሌከር የምትባል የካንሳስ ልጅ ኒውዮርክን ልትጎበኝ መጥታ፣ በአምስተኛው ጎዳና ሰረገላ ላይ ሊያቅፋት የሞከረን ሽማግሌ ክንዱን በስፒል ወግታ አስጮኸችው።

ስፒል ሲባል ታዲያ ልብስ ሰፊ የሚጠቀምባት ትንሿ እንዳትመስላችሁ። «ደስተኛዋ መበለት» የተባለው ኦፔሬታ በ1907 ለንደን ላይ ከታየ ወዲህ የሴቶች ባርኔጣ እንደ ትሪ ሰፍቷል። እሱን ከተከመረ ፀጉር ጋር አጣብቆ የሚይዘው ብረት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሮዛ ሰማያዊ ራስ ያለውን ስፒሏን መዘዘች። ሳትዞር ወደ ጎን ሰካችው። መጀመሪያ ጨርቅ በሳ፤ ቀጥሎ የበሳው ጨርቅ አልነበረም።

ይጮኻሉ ብላ ነበር አክስቷ። ይሄኛው አልጮኸም። ጥርሱን ነክሶ አንዴ የስፒሉን ራስ፣ አንዴ የሷን ፊት አየና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

በዚያው ሰሞን፣ ማርች 1910 መሆኑ ነው፣ የቺካጎ ከተማ ምክር ቤት ረዣዥም ስፒሎችን ስለሚከለክል ሕግ ሊመክር ተሰበሰበ። ሕጉ ከጸደቀ ቅጣቱ 50 ዶላር ነው፤ ለሮዛ የብዙ ሳምንት ደሞዝ። እውነት ለመናገር የወንዶቹ ስሞታ ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ በተጨናነቀ ትራም ውስጥ ምንም ያላጠፋ ተሳፋሪ ጉንጩን ይጫር ነበር። ግን ስለ ተጫረው ጉንጭ ሲወራ፣ ስፒሉን ስላስመዘዘው እጅ የሚያነሣ አልተገኘም። የሱቁ ሴቶች ሊሰሙ ሲሄዱ ሮዛም አብራ ሄደች፤ ሰገነቱ ላይ ተጣበው ተቀመጡ።

አንድ «ተጎጂ» ተጠራ። ክንዱን በነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ ገባ። ካፖርቱ ግራጫ ነው።

«ጋዜጣዬን እያነበብኩ ነበር» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ልጅቱን ምን እንደነካት አላውቅም። ስፒሏ ግን ሰማያዊ ራስ ነበረው።»

«ቢያዩዋት ያውቋታል?»

«በደንብ እንጂ።»

የሮዛ እጅ ወደ ባርኔጣዋ ሄደ። ያው ስፒል ነው፤ ሌላ የላትም። ብትነቅለው ባርኔጣው ይወድቅና ሁሉም ዞሮ ያያታል። ሰውየው ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ ፊቶቹን አንድ በአንድ እያየ፣ ዐይኑን ወደ ሰገነቱ ማንሣት ጀመረ።

«እንዳትነቃነቂ» አላት ከጎኗ አንድ ድምፅ።

ዞር አለች። ጥቁር ዐይነ ርግብ።

ሴትየዋ እጇን ሰድዳ ሰማያዊውን ራስ ጨበጠችና ሳበችው። ባርኔጣው ወደ ግራ ዘመመ። ስፒሉን እንደያዘች ብድግ አለች።

(ይቀጥላል)